የእንቅልፍ ኪኒኑ ጠዋትም አልለቅ ሲልዎት፦ በ7 ሌሊት ምክንያቱን የማግኛ መመሪያ

«ያስተኛኛል፤ ጠዋት ግን አይለቀኝም።» በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ስቆም ይህንን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። አንዷ ሻይ ላይ ስኳር ሁለቴ እንደጨመረች ትነግረኛለች፤ ሌላው ታክሲ ውስጥ አንቀላፍቶ ሁለት ፌርማታ አልፎ ወርዷል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ ላቁመው? ላሳንሰው? ወይስ ቡና ልጠጣበት? ሦስቱም የየራሳቸው ጣጣ ስላላቸው፣ ቆሜ በጥድፊያ የምመልሰውን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

መመሪያው ለእንቅልፍ ብለው መድኃኒት የሚወስዱና በማግሥቱ የሚፈዙ፣ የሚጫጫናቸው፣ የሚረሱ ወይም እግራቸው የሚብረከረክ ሰዎችን ይመለከታል። ሥራው 7 ሌሊት ይፈጃል። ሲጨርሱ ለሐኪምዎ የሚያሳዩት አንድ ገጽ በእጅዎ ይኖራል። «ይከብደኛል» ብቻ ሲሉት ሐኪሙ የሚይዘው ነገር የለም፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስወስድ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት እፈዛለሁ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ስወስድ ግን አልፈዝም» ካሉት ግን ግማሹን ሥራ ሠርተውለታል።

ሰዓቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ስል በውጭ አገር ሰዓት 10 ፒኤም ማለቴ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ካሉ 7 ሌሊት አይጠብቁ

- ሰውየው ቢቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም እየቆመ ከቀጠለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥሩ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112። የእንቅልፍ ኪኒን ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎቹ ከትራማዶልና ከሞርፊን ወይም ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳል።
- በሌሊት ተነሥቶ ምግብ ማብሰል፣ ስልክ መደወል፣ ከቤት መውጣት ወይም መኪና መንዳት፣ ጠዋት ግን ምንም አለማስታወስ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ዞልፒደም፣ ኤስዞፒክሎንና ዛሌፕሎን በተባሉት የእንቅልፍ ኪኒኖች ላይ ከሁሉም የጠነከረውን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉዳት የደረሰባቸውና የሞቱም ነበሩ። አንድ ጊዜ እንኳ ከደረሰብዎት ከእነዚህ መድኃኒቶች ቀጣዩን ፍሬ አይውሰዱ፤ በዚያው ቀን ሐኪምዎን ያግኙ።
- ሌሊት ወይም ጠዋት ወድቀው ራስዎን ከመቱ ወደ ሕክምና ይሂዱ።
- ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ኪኒኑን ለቤተሰብ ያስረክቡና ዛሬውኑ ሐኪም ያግኙ። በተለይ አሚትሪፕቲሊን (ለእንቅልፍም የሚታዘዝ የድባቴ መድኃኒት) በብዛት ከተወሰደ ልብን ይመታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሚወስዱት ኪኒን ከነስትሪፑና ከነካርቶኑ (ባዶውም ቢሆን አይጣሉት)
- በቤት ያለ ሌላ መድኃኒት ሁሉ፦ የሳል ሽሮፕ፣ የጉንፋን፣ የአለርጂ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የጨጓራ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- ወፍራም ማርከር
- ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት መንገዱን የሚያሳይ ትንሽ መብራት
- ጠዋት አይቶዎት የሚመሰክር አንድ የቤት ሰው፤ ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ጠዋት የሚደውልልዎት ዘመድ ወይም ጓደኛ

ደረጃ 1፦ የሚወስዱትን በስሙ ይወቁ

ስትሪፑን ገልብጠው ከንግድ ስሙ በታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን ደብተርዎ ላይ ይገልብጡ። «ነጯ ትንሿ» አይበቃም። ሁሉም የእንቅልፍ ኪኒን ቢባልም፣ አንዱ ጎህ ሳይቀድ አብዛኛው ከደም ሲወጣ ሌላው ሳምንቱን ሙሉ አብሮዎት ይውላል። ልዩነቱን የሚያሳየው በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ ግማሽ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ከሰው ሰው ቢለያይም ግምቱ ይህን ይመስላል፦

- ዛሌፕሎን፦ 1 ሰዓት ገደማ
- ዞልፒደም (አምቢየን)፦ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ
- ዞፒክሎን፦ 5 ሰዓት ገደማ፤ ኤስዞፒክሎን (ሉኔስታ)፦ 6 ሰዓት ገደማ
- ዲፊንሃይድራሚን (ቤናድሪልና ስማቸው «ፒኤም» የሚል ብዙ ማስታገሻዎች ውስጥ ያለው)፦ 9 ሰዓት ገደማ፤ በአረጋውያን ከዚያ ይረዝማል
- ሎራዜፓምና ብሮማዜፓም፦ ከ10 እስከ 20 ሰዓት
- አሚትሪፕቲሊን፦ ከ10 እስከ 28 ሰዓት
- ክሎርፌኒራሚን (የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለው)፦ 20 ሰዓት ገደማ
- ዲያዜፓም (ቫሊየም)፦ እስከ 48 ሰዓት፤ ሰውነት ዲያዜፓምን ሲፈጨው የሚወጣውና እንደ ዲያዜፓም የሚያደነዝዘው ንጥረ ነገር ደግሞ እስከ 100 ሰዓት

ቁጥሮቹን እንዲህ ያንብቡ። ዞልፒደም በየ2 ሰዓት ተኩሉ በግማሽ ከቀነሰ፣ ከ7 ሰዓት ተኩል በኋላ የሚቀረው አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ዲያዜፓም ግን ግማሹን ለማስወገድ 48 ሰዓት የሚፈጅበት ሰው በየምሽቱ አንድ አንድ ፍሬ ከወሰደ፣ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይጨመርበታል፤ በ10ኛው ቀን ገደማ በሰውነቱ ውስጥ ያለው መጠን ከመጀመሪያው ሌሊት ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። «መጀመሪያ ላይ ተስማምቶኝ ነበር፣ አሁን ነው የከበደኝ» የሚሉኝ ብዙዎቹ ስትሪፑን ሲያሳዩኝ ዲያዜፓም ሆኖ አገኘዋለሁ።

ካርቶኑ ላይ «ሲአር»፣ «ኢአር» ወይም «ኤክስአር» የሚል ምልክት ካለ እሱንም ይጻፉ። ቀስ እያለ የሚለቅ ዓይነት ነው ማለት ነው፤ ጠዋት ላይ የሚቀረውም ይበዛል።

ደረጃ 2፦ ከዋጡበት እስከ ተነሡበት ያለውን ሰዓት ይቁጠሩ

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ መመሪያ የሚወስዱ ከሆነ ይህንን ይውሰዱ፤ ከሁሉም በላይ ስሕተት የማገኘው እዚህ ነው።

አንዲት እናት ዞልፒደም 10 ሚሊግራም እየወሰዱ ጠዋት ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ እንደሚይዙ ነገሩኝ። መቼ እንደሚወስዱት ስጠይቃቸው «እስከ 8 ሰዓት እሞክራለሁ፤ እምቢ ሲለኝ እውጣለሁ» አሉ። የሚነሡትስ? ኪዳን ለማድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። እንግዲህ ኪኒኑ 8 ሰዓት ይሠራል ተብሎ 3 ሰዓት ብቻ ነው የተሰጠው። ከ3 ሰዓት በኋላ ግማሹ ገደማ ገና በደማቸው ውስጥ ነው፤ ደረጃውን የሚወርዱት መድኃኒቱ ገና እየሠራ ነው።

ስለዚህ፦

1. የሚነሡበትን ሰዓት አስቀድመው ይወስኑ።
2. ከዚያ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቁጠሩ። 12 ሰዓት የሚነሡ ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ዞልፒደምና መሰሎቹ ቢያንስ 7 ወይም 8 ሰዓት ሙሉ መኝታ ይፈልጋሉ።
3. ያ ሰዓት ካለፈና 7 ሰዓት የማይቀርዎት ከሆነ የዚያን ሌሊት ኪኒን ይዝለሉት። አንድ መጥፎ ሌሊት በማግሥቱ መኪና ውስጥ ከመፍዘዝ ይሻላል። ይህ «ሲያስፈልግ» ተብሎ ለታዘዘ የአጭር ጊዜ ኪኒን ነው፤ በየቀኑ ለሳምንታት የወሰዱትን ግን ለብቻዎ አይዝለሉ (ደረጃ 9ን ይመልከቱ)።
4. ዋጥ አድርገው ወዲያው አልጋ ውስጥ ይግቡ። «እስኪይዘኝ ትንሽ ዕቃ ልጠብ» የሚሉ ሰዎች ናቸው ወጥ ቤት ውስጥ የሚወድቁት።

በረመዳን ሒሳቡ ይለወጣል። ተራዊሕ ሰግደው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ወስደው ለሱሑር 10 ሰዓት ላይ ከተነሡ የቀረዎት 5 ሰዓት ነው። ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በወሩ መካከል በግምት አይቀያይሩት።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የብልቃጡ ወረቀት «10 ፒኤም» ይላል፤ እማማ «10 ሰዓት» ብለው ያነቡትና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይውጡታል። ማታ እንቅልፍ ይጠፋና ሁለተኛ ይደግማሉ። ወላጆችዎ በሐበሻ ሰዓት የሚኖሩ ከሆነ በማርከሩ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ማታ 4 ሰዓት፣ አልጋ ላይ» ብለው ይጻፉላቸው።

አሚትሪፕቲሊን ከዚህ ለየት ይላል። ቀስ ብሎ ጀምሮ ረጅም ስለሚቆይ፣ ጠዋት የሚከብዳቸው ሰዎች ልክ ሲተኙ ከመውሰድ ይልቅ ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት ቀደም ብለው ቢወስዱት ይቀልላቸዋል። ያዘዘልዎትን ጠይቀው ያድርጉት፤ ከዋጡ በኋላ ግን ከቤት አይውጡ።

ደረጃ 3፦ እራትን ከኪኒኑ ያራርቁ

ዞልፒደም ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንደተበላ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ነው። ጥብስ በልተው ወዲያው የዋጡ ሰው እንቅልፉ ይዘገይባቸውና «አልሠራም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ሁለቱ ተደራርበው ጠዋት ይመጣሉ። እራትን ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ማምጣት ብቻውን ጠዋቱን ያቀለላቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ደረጃ 4፦ ተደብቆ የገባውን ሁለተኛ የሚያስተኛ ነገር ይፈልጉ

በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ፤ አንድ በአንድ ጀርባውን ያንብቡ፤ ስሙን ደብተር ላይ ይጻፉ። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኪኒኑ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ የተሰለፈው ነው። ሁለት መንገድ አለው።

የመጀመሪያው፣ ራሱ የሚያስተኛ ሲጨመርበት ነው፦ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ፣ የአለርጂ ኪኒን፣ ፕሮሜታዚን፣ ትራማዶል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኖባርቢታል፤ ጠጅ፣ ጠላ፣ አረቄና ቢራም እዚሁ ይገባሉ። አልኮል በተጠጣበት ምሽት የእንቅልፍ ኪኒን አይወሰድም። «አንድ ብርሌ ብቻ» የሚባል ልዩነት አላደርግም።

ሁለተኛው፣ የሚያስተኛ ባይሆንም ጉበት የእንቅልፍ መድኃኒቱን እንዳያስወግድ የሚያዘገይ መድኃኒት ሲገባ ነው። አንቲባዮቲኮቹ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፣ የፈንገስ መድኃኒቶቹ ኬቶኮናዞልና ፍሉኮናዞል፣ ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ብዙዎቹን የእንቅልፍ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያስቆያሉ። የጨጓራው ኦሜፕራዞል ደግሞ ዲያዜፓምን ያዘገያል። ያው ፍሬ፣ ያው ሰዓት፣ ግን ጠዋቱ ሌላ ይሆናል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ይሠራል፤ የእንቅልፍ መድኃኒቱን ቶሎ ያስወጣል። አደጋው የሚመጣው ሲያልቅ ነው። በሕክምናው ወራት «አልያዘኝም» ተብሎ መጠኑ ከፍ ተደርጎ ከነበረ፣ ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላ ባሉት ሳምንታት ያው መጠን ይበዛብዎታል። የቲቢ ሕክምና በቅርቡ ጨርሰው ከሆነ ይህንን በደብተሩ ራስጌ ላይ ይጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዝርዝሩን ያነበቡት እንዲያሳዩት ነው። የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትዎንም ሆነ የጀመሩትን አንቲባዮቲክ በራስዎ እንዳያቋርጡ።

ደረጃ 5፦ 7 ሌሊት ይመዝግቡ

በየቀኑ ሦስት ጊዜ ለራስዎ ነጥብ ይስጡ፦ ልክ ሲነሡ፣ ከተነሡ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ረፋድ 4 ሰዓት ላይ። 0 ማለት ንቁ ነኝ፤ 1 ትንሽ ከብዶኛል ግን ሥራዬን አላወከኝም፤ 2 እፈዛለሁ፣ እረሳለሁ፤ 3 ማንቀላፋት ወይም መንገዳገድ አለ።

አራተኛውን ነጥብ የቤት ሰው ይስጥዎት፤ የእርስዎን ሳያይ። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። ኤስዞፒክሎን 3 ሚሊግራም ወስደው ያደሩ ሰዎች ከ11 ሰዓት በላይ ካለፈም በኋላ የመንዳት ችሎታቸውና የማስታወስ አቅማቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ ብዙ ጊዜ ግን ራሳቸው አያውቁትም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2014 የመነሻ መጠኑን ወደ 1 ሚሊግራም ያወረደው በዚህ ነው። መድኃኒቱ ምላሽዎን ሲያዘገይ ዳኝነትዎንም አብሮ ያዘገያል፤ «ደህና ነኝ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ለምሳሌ ሁለት ቀን እንዲህ ይጻፋል፦

*ማክሰኞ።* ዞልፒደም 10። የዋጥኩት ከሌሊቱ 7፡30፤ የተነሣሁት 12፡15። መካከሉ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። እራት 3፡00፣ ጥብስ። አልኮል የለም። ሌላ፦ የጉንፋን ሽሮፕ። ነጥብ 3፣ 3፣ 2። ባለቤቴ የሰጠችኝ 3። ቁልፉን በሩ ላይ ትቼው ወጣሁ።

*ረቡዕ።* ዞልፒደም 10። ከምሽቱ 4፡00፤ 12፡15። መካከሉ 8 ሰዓት ከ15። እራት 1፡00፣ ሽሮ። ሌላ የለም። ነጥብ 1፣ 0፣ 0። ባለቤቴ 1።

ጠዋት ቡና የሚጠጡ ከሆነ የመጀመሪያውን ነጥብ ከቡናው በፊት ይስጡ፤ አለበለዚያ የመዘገቡት ቡናውን ነው።

ደረጃ 6፦ የጻፉትን ያንብቡ

- *ሲነሡ 2፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 0።* ይህ ከእንቅልፍ የመንቃት ድንዛዜ ነው፤ ኪኒን የማይወስድ ሰውም ላይ እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መጋረጃውን ከፍተው ብርሃን ያስገቡ፣ ፊትዎን ይታጠቡ።
- *ከፍ ያለው ነጥብ ሁሉ መካከሉ ከ7 ሰዓት ባነሰበት ቀን ላይ ከሆነ* ችግሩ የሰዓት ነው። ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።
- *ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ* መድኃኒቱ እየተጠራቀመ ነው። ዲያዜፓም፣ ፌኖባርቢታል፣ የአለርጂ መድኃኒት ላይ የሚታይ ነው። ሳምንቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ለሐኪም ይደውሉ።
- *ሰዓቱ ሙሉ፣ ሌላ መድኃኒት የለም፣ ነጥቡ ግን በየቀኑ ያው 2 ወይም 3።* ወይ መጠኑ ለእርስዎ በዝቷል፣ ወይ መድኃኒቱ ረጅም ነው፣ ወይ ምክንያቱ ሌላ ነው። የቤት ሰው «ያንኮራፋል፣ ከዚያ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ በድንገት ያንቃል» ካለ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የመቋረጥ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች ያባብሱታል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና ድባቴም ልክ እንዲህ ያደርጋሉ።

ደረጃ 7፦ መኪና፣ መሰላል፣ እሳት

የመጀመሪያዎቹን 7 ሌሊቶች፣ እንዲሁም መድኃኒት ወይም መጠን በተቀየረ ቁጥር፣ ጠዋት አይንዱ። ሞተር ብስክሌትም፣ የፋብሪካ ማሽንም፣ የግንባታ መሰላልም ያው ነው። በጠዋት ስምሪት የሚሠሩ ሹፌር ከሆኑ ይህንን ለሐኪምዎ ገና ማዘዣው ሳይጻፍ ይንገሩት፤ የመድኃኒት ምርጫውን ይለውጠዋል። ቀስ እያለ የሚለቀውን ዞልፒደም የሚወስዱ ሰዎች በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ እንዳይነዱ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ አስጠንቅቋል።

ለአረጋውያን ትልቁ አደጋ መኪና ሳይሆን ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ነው። ምንጣፉን ይጠቅልሉ፣ መብራቷን ያብሩላቸው፣ ከዘራቸው ከአልጋው ራስጌ ይሁን። ሲነሡ አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጡ፤ አሚትሪፕቲሊን ሲቆሙ የደም ግፊትን በድንገት ይጥላል።

ደረጃ 8፦ ገጹን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ

ደብተሩን ክፍት አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና እነዚህን ይጠይቁ፦

1. *«መጠኑ ሊቀንስ ይችላል?»* በተለይ ሴት ከሆኑ። ሴቶች ዞልፒደምን ከሰውነታቸው የሚያስወግዱት ከወንዶች ቀስ ብለው ነው። 10 ሚሊግራም ወስደው ከ8 ሰዓት በኋላ በተደረገ ምርመራ ለመንዳት የሚያሰጋ መጠን በደማቸው የተገኘባቸው ከሴቶቹ 15 በመቶ ገደማ፣ ከወንዶቹ 3 በመቶ ገደማ ነበሩ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 የሴቶችን መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ያስወረደው ለዚህ ነው። ብዙ እህቶች ዛሬም ማዘዣቸው ላይ 10 ተጽፎ አያለሁ።
2. *«በዕድሜዬ ይህ መድኃኒት ይስማማል?»* የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ከ65 ዓመት ጀምሮ ዲያዜፓምና መሰሎቹን፣ ዞልፒደምና መሰሎቹን፣ የሚያስተኙ የአለርጂ መድኃኒቶችንም በተቻለ መጠን እንዲርቁ ይመክራል።
3. *«ቶሎ የሚወጣ አማራጭ አለ?»*
4. *«ያለ መድኃኒት የሚሰጠው ሕክምናስ?»* የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆየ እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያ እንዲሰጥ የመከረው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማዋል፣ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥቶ ሌላ ክፍል መቀመጥና ሲመጣ መመለስ ከዋና ዋና ሥራዎቹ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደክማል፤ ጠዋት የሚጎትት ኪኒን ግን የለበትም።

እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ከአራቱም በፊት ይህንን ይናገሩ። የሚያጠቡት ልጅም ሊፈዝ ይችላል።

ደረጃ 9፦ የሚቀነስ ከሆነ በደረጃ ይቀንሱ

ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ ብሮማዜፓም ወይም መሰሎቻቸውን በየቀኑ ለሳምንታት ከወሰዱ፣ በአንድ ቀን ማቆም እንቅልፍን ጨርሶ ያጠፋል፤ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ጭንቀት፣ አንዳንዴም ራስን ስቶ የሚጥል መንፈራገጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ የወጣው የሐኪሞች መመሪያ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ በመቀነስ እንዲጀመር፣ በ2 ሳምንት ውስጥም ከ25 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ፍጥነቱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ በየቅነሳው ደብተሩን መቀጠል ነው።

ግማሽ ፍሬ ከታዘዘልዎት መሐሉ ላይ መስመር ያለውን ብቻ በኪኒን መቁረጫ ይክፈሉ። በወጥ ቤት ቢላ ሲቆርጡት አንዱ ወገን ይፈረፈራል፤ አንድ ሌሊት ሩብ፣ ሌላ ሌሊት ሦስት ሩብ እየወሰዱ ምዝገባው ትርጉም ያጣል። ቀስ እያለ የሚለቀው ዓይነት ግን ጨርሶ አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ አይታኘክም። ከተሰበረ ለሌሊቱ ሙሉ የተመጠነው በአንዴ ይለቀቃል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

*ድንዛዜውን በቡና መሸፈን።* ቡና ኪኒኑን ከደም አያስወጣም፤ ምላሽዎ እንደዘገየ ንቁ የሆኑ ያስመስልዎታል። ካፌይን ራሱ ወደ ግማሽ ለመውረድ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጡት ሦስተኛው ሲኒ ማታ ኪኒን እንዲያስፈልግዎት ያደርጋል፤ ኪኒኑ ደግሞ ጠዋት ቡና እንዲያስፈልግዎት ያደርጋል። ምዝገባው በሚካሄድበት ሳምንት ቡናን ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይጨርሱ።

*ቀን ጫት፣ ማታ ኪኒን።* ምርቃናውን ለመስበር የሚወሰድ ኪኒን ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ሰውነት ውስጥ ያጋጫል፤ ሰውየው ቶሎ ስለማይተኛ መጠኑን ይጨምራል፤ ጫቱ ሲለቅ ኪኒኑ ብቻውን ይቀራል። እንዲህ የሚያደርጉ ከሆነ አይደብቁ፤ የምንጠይቅዎት ለመገሠጽ አይደለም።

*የአለርጂ ኪኒን «ቀላል ነው» ብሎ ለወራት መውሰድ።* የማስተኛት ኃይሉ በጥቂት ቀናት ይደክማል፤ አፍ ማድረቁ፣ ሽንት መያዙና በአረጋውያን ላይ የሚያመጣው መዘበራረቅ ግን ይቀራል።

*የጎረቤት ኪኒን።* «ለእኔ ግማሿ ትበቃኛለች» ያለችዎት እህት መድኃኒትዋ ሌላ፣ ጉበትዋም ሌላ ነው።

*ካርቶኑን ከራስጌ ማስቀመጥ።* መድኃኒቱ ትውስታን ስለሚያደክም፣ ሌሊት የነቃ ሰው መውሰዱን ረስቶ ይደግማል። ጠዋት ስትሪፑ ላይ ሁለት ቀዳዳ አይቶ የሚደነግጥ አለ። ማታ አንዷን ፍሬ ብቻ አውጥተው ሲኒ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ካርቶኑን ሌላ ክፍል፣ ልጆች የማይደርሱበት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉ። ሌሊት ነቅተው «ወስጄ ነበር ወይስ አልወሰድኩም?» ሲሉ ሲኒውን ይመልከቱ፤ ባዶ ከሆነ ወስደዋል።